ለአስማረ የተጠየቀው የክርስትና ስም

ጥቅምት 12 ቀን 1977 ዓ.ም.
ኦኩዛዋ ጣቢያ፣ ጃፓን

ለእህቴ ለእታገኘሁ፤

የአርባ አራቱ ታቦት ጥበቃ ከደጃፍሽ አይለይ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ግን የደባርቅን ብርድ የሚያስመሰግን ነው፤ ገና በጥቅምት ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤያለሁ።

ለባቡር ሥልጠና የመጣነውን የከተማውን ትምህርት ስንጨርስ በየገጠሩ ጣቢያ በታተኑን። እኔ ዕድሜዬን ከድሬዳዋ ወዲያ፣ አሸዋ መሀል፣ ትንሽ ጣቢያ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝና እዚህም ትንሽ ደረሰችኝ። በሁለት ተራራ መካከል የተወሸቀች የእንጨት ቤት ናት። ባቡሩ አንድ ፉርጎ ብቻ ነው፤ ተማሪና አሮጊት ይጭናል።

የጣቢያው ሹም ሚስተር ኦኖ ይባላሉ። ባቡር ሊመጣ ሲል ነጭ ጓንታቸውን ያጠልቁና ወደ መብራቱ በጣታቸው እየጠቆሙ ‹‹አረንጓዴ ነው›› ብለው ጮክ ብለው ይናገራሉ። የሚሰማቸው ሰው የለም። የመጀመሪያ ቀን ነካ ያደረጋቸው መስሎኝ ሸሸት ብዬ ነበር። ለካ የሥራው ደንብ ነው፤ ዓይናቸው እንዳያታልላቸው አፋቸውን ምስክር ያደርጉበታል።

ሐዲዱ ነጠላ ነው፤ ወጪውም ወራጁም በዚያው። እንዳይጋጩ ሹሙ ለነጂው የናስ ክብ ይሰጡታል። ክቡ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ክንድ የሚያስገባ ትልቅ ቀለበት አለው። እሱን ያልያዘ ባቡር ንቅንቅ አይልም። ናሱ የሚወጣው ከተቆለፈ ማሽን ነው፤ ማሽኑም የወዲያኛው ጣቢያ ሰው ደወል መልሶ ካልፈቀደ አይከፈትም።

በሁለቱ ጣቢያ መሀል ደግሞ ጭራሽ ሰው የሌላት አንዲት ጣቢያ አለች። ትኬቷን የምትሸጠው አጠገቧ ሱቅ ያላት ባልቴት ናት፤ እኔ እትዬ ኪኩ እላታለሁ። ተሳፋሪው ሲወርድ ትኬቱን በር ላይ ካለች የእንጨት ሣጥን ውስጥ ይጥልና ይሄዳል። ተቆጣጣሪ የለ፣ ዘበኛ የለ። እኔ አላመንኩም፤ የሆነ ቦታ ተደብቆ የሚያይ ሰው ሳይኖር አይቀርም።

ልጄ አስማረ እንዴት ነው? እናቱ፣ እህትሽ ብርቱካን ካረፈች፣ በጦርነቱ ዓመት ከምሥራቅ ላንቺ ለአክስቱ ከላክሁት ወዲህ፣ እናቱም አባቱም አንቺ ነሽ። በገዛ እጁ ሁለት መስመር ይጻፍልኝ። ለጣራው ቆርቆሮ ያልሽውን አዲስ አበባ ያለ ባልደረባዬ ይልክልሻል።

ወንድምሽ ላቀው


ኅዳር 27 ቀን 1977 ዓ.ም.
ጎንደር

ለጓድ ላቀው፤

አብዮታዊ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ፤ የሆስፒታሉ ልብስ ክፍል ሥራም እንዳለ ነው።

አያ ላቀው፣ ደብዳቤህ ተከፍቶ ነው የደረሰኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጠርተው ቢሮ ውስጥ አስነበቡኝ። ‹‹ሰው የሌለበት ጣቢያ ማን ያስተዳድረዋል?›› አሉኝ። እኔ ምን አውቄ። ጸሐፊው ደግሞ ያ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ናስ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ያችን ቦታ ደግሜ እንዳነብ አደረገኝ። ሰዎቹ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ፒያሳ ላይ ለላምባ ሰልፍ ስንይዝ ዱላ የያዘ ሰው መሀላችን ቆሞም እንጋፋለን፤ አንተ ትኬቱን ለሣጥን ሰጥቶ የሚሄድ ሕዝብ ትነግረናለህ። እውነት ባቡር ጣቢያ ነው ያለኸው? ወይስ ጻፍ የሚሉህን ነው የምትጽፍ?

አስማረ ደህና ነው። ሰላም ብሎሃል።

ቆርቆሮውን ተወው፤ አያስፈልግም። ገንዘብም አትላክ። ይልቅስ የልጁን የክርስትና ስም ጻፍልኝ። ለጸበል ነው። አትዘግይ።

እታገኘሁ


ጥር 21 ቀን 1977 ዓ.ም.
ኦኩዛዋ

ለእህቴ ለእታገኘሁ፤

ዛሬ የአስተርእዮ ማርያም ናት። እዚህ ደወል የለም፣ ቅዳሴ የለም፤ በረዶ እየዛቅሁ በልቤ ተሳለምኳት። እሷ ትጠብቅሽ።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ጓድ ላቀው ብለሽኝ አታውቂም። የእግዚአብሔር ስም አንድም ቦታ የለበትም። ገንዘብ አትላክ ብለሽም አታውቂም፤ ጣራው በአንድ ወር ተጠገነ? ፖስታው ሁለት ጊዜ የተለጠፈ ነው፤ በጣቴ ዳበስኩት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የመጨረሻው ቃልሽ ነው። ታሞ ከሆነ ምኑን እንደሚያመው ለምን አልጻፍሽም? የክርስትና ስሙንስ ምነው ራሱን አትጠይቂውም? የገዛ ስሙን ከባሕር ማዶ መጠየቅ ምን አመጣው?

እኔን ሰው በጥድፊያ የክርስትና ስም የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብርቱካን ያረፈች ዕለት ቄሱ ፍትሐት ሊያደርሱ በሬ ላይ ቆመው ጠየቁኝ። ስሟን ስነግራቸው ነው ሞቷ የገባኝ። እስከዚያ ድረስ ተኝታ ነበር የመሰለኝ።

እታገኘሁ፣ ልጁ ሞቶ ከሆነ ንገሪኝ። እያባበልሽ ስሙን አትውሰጂብኝ።

ትናንት ሚስተር ኦኖ ደወል መቱ፤ ከወዲያ መልስ ዘገየ። ባቡሩ ሞተሩ እየሠራ ቆመ፣ ተማሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። ሹሙ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ እንጂ ማሽኑን አልነኩም። ወዲያ ያለው ሰው መኖሩን ሳያረጋግጡ ናስ አያወጡም። እኔም እንደዚያ ነኝ። በልጁ እጅ የተጻፈ አንድ መስመር ላኪልኝ፤ ያኔ ስሙን እሰጥሻለሁ።

ላቀው


መጋቢት 30 ቀን 1977 ዓ.ም.
ጎንደር

ለጓድ ላቀው፤

ሰላምታዬ ይድረስህ።

ልጁ ስሙን አያውቅም። ሲጠመቅ አርባ ቀኑ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ጠራው? የክርስትና አባቱ እንደሞቱ ራስህ ነግረኸኛል። የተጠመቀበት ደብር ካህናት በጦርነቱ ተበትነዋል። እህቴም ይዛው ተቀበረች። የሚያውቀው ያለ አንተ ማንም የለም።

እጁን ልልክልህ አልቻልኩም። ጠዳ ዘመድ ዘንድ ሥራ ሊያግዝ ሄዷል። ሲመለስ ይጽፍልሃል።

የዚያችን ባለ ሱቅ ባልቴት ነገር ለሸምሲያ ነገርኳት፤ የነጋዴው የአያ ሷሊሕ ሚስት፣ ጎረቤቴ። ‹‹እትዬ ካላት የቤት ሰው ሆናለች በይኛ፤ ምርቃት ላኪለት›› አለችኝ። መልሱን ላንተ ትቼዋለሁ። አንተ ሹራብ ትደርባለህ፣ በረዶ ትዝቃለህ፣ ከወዲያ ደወል እስኪመጣ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። እኔ የምጠብቅበት ወንበር የለኝም።

አንድ ነገር ልበልህና ላብቃ። ማንም የማያየው ሣጥን አንድ ትኬት እንደማይጎድልበት ትጽፍልኛለህ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ልጅህን ያሳደግሁት እኔ ግን የምደብቅህ ሌባ ሆንኩብህ። አያ ላቀው፣ ስሙን ስጠኝ።

እታገኘሁ


ሰኔ 12 ቀን 1977 ዓ.ም.
ኦኩዛዋ

ለእህቴ ለእታገኘሁ፤

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ።

ቃልሽ አሞኛል፤ ስለ ሣጥኑ ያልሽው። ግን አንቺም ፍረጂኝ። ጠዳ ዘመድ የለንም። ከአዘዞ ወዲያ አንድም የምናውቀው ቤት የለም። ይህን እያወቅሁ እንዴት ዝም ልበል?

ስለ ሣጥኑ እውነቱን ልንገርሽ። አምኜ አይደለም የጻፍኩልሽ፤ ተሳፋሪውን ልይዘው ሄጄ ነበር። ሥራ ባልነበረኝ ቀን ወደዚያች ሰው የሌለባት ጣቢያ ወረድሁና ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ቆምሁ። አንድ ሽማግሌ ድንች በጀርባው ተሸክሞ ወረደ። ባቡሩ ሄደ። ሽማግሌው ዙሪያውን አላየም። ኪሱን ዳበሰ፣ ትኬቱን አጣው፣ ሸክሙን አወረደ፣ ባርኔጣው ውስጥ አገኘው። ሣጥኑ ውስጥ ጣለና ለሣጥኑ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣ። እትዬ ኪኩ ከሱቋ መስኮት ያየችው እኔን ነበር። በቋንቋቸው አንድ ነገር አለችኝ፤ ‹‹የጠፋብህ ነገር አለ?›› ማለቷ እንደሆነ ኋላ ገባኝ። ኪሴን ዳበስኩላት።

ከዚያ ወዲህ ስጸልይ ያ ሽማግሌ ይመጣብኛል። የምጠራጠረው አንቺን ነው ወይስ ልጁን የሚጠብቀውን አምላክ? ስሙን ጽፌ ቀደድሁት። ደግሞ ጻፍሁ፤ ደግሞ ቀደድሁ። እጄ ላይ ያለው ፍርሃት ነው፤ ስሙን የሰጠሁ ዕለት ልጁን የቀበርሁት ይመስለኛል።

ሚስተር ኦኖን ጠየቅኋቸው፤ የልጄን ነገር ሳላነሳ። ናዳ ሽቦውን ቢበጥሰው፣ ደወሉም ስልኩም ቢሞት፣ ባቡሩ ለዘላለም ይቆማል ወይ አልኳቸው። አይቆምም አሉኝ። ያኔ ሁለቱ ሹሞች አንድ ሰው ይመርጣሉ። ክንዱ ላይ ጨርቅ ያስሩለታል። ናሱ እሱ ራሱ ይሆናል ማለት ነው፤ ያ ሰው የተሳፈረበት ባቡር ብቻ ያልፋል። ሰውየው ከሌለ አያልፍም። ሁለት ስለማይሆን፣ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት ስለማይችል፣ ያምኑታል።

በኛም መሀል ሽቦው የተበጠሰ ይመስለኛል። እዚያ ማን እንዳለሽ አላውቅም።

ላቀው


ነሐሴ 3 ቀን 1977 ዓ.ም.
ጎንደር፤ በሰው እጅ

አያ ላቀው፣

እመቤታችን ጤናህን ትጠብቅልህ፤ ዛሬ በሙሉ አፌ እልሃለሁ። ይህን ሸምሲያ ይዛው ትወጣለች። ዘንድሮ ሐጅ ደርሷታል፤ ጅዳ ስትደርስ ፖስታ ቤት ታስገባዋለች። ‹‹አንቺ ሴት፣ ካዕባ ደጃፍ ደርሼ ቴምብር ልፈልግ ነው?›› ብላ ሳቀችብኝ። ግን ስትስቅ እጇን ዘርግታ ነበር። የተበጠሰ ሽቦ ሰው ይፈልጋል ያልከውን አንብቤ ነው እሷን ያሰብኳት።

አስማረ በሕይወት አለ። አልታመመም።

ባለፈው ኅዳር ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣ። ከሱ በፊት የሄዱት የሠፈራችን ልጆች ወሬያቸው አልመጣም፤ እናቶቻቸው በየቀኑ ሆስፒታል እየመጡ ቁስለኛ መጥቶ እንደሆነ ይጠይቁኛል። እኔ አልሰጥም አልኩ። አላምረው ከሚባል ጨው ነጋዴ ጋር ወደ ዛሪማ ሰደድኩት፤ ከዚያ ወዲያ ቆላ ውስጥ ወዳለ ገዳም። ረድእ ሆኖ ይግባና ቀን እስኪያልፍ ያገልግል ብዬ ነው።

አበምኔቱ የክርስትና ስሙን ጠየቁት። በጸሎት የማላነሳውን ሰው አላስገባም አሉ። አላምረው አንዱን ስም ጥራና ግባ ብሎ መክሮት ነበር። ልጁ ምን አለ መሰለህ? ‹‹ታቦት ፊት ቆሜ የሌላ ሰው ስም አልሰጥም።›› ያንተ ልጅ ነው እንግዲህ፤ ምን ላድርገው። ይኸው እስካሁን ከገዳሙ አጥር ውጭ ገበሬ ቤት እንጨት ይፈልጣል። ዛሪማ ገበያ ላይ ሚሊሺያ ወጣት እየለቀመ ነው፤ ገበያው ከዚያ ሩቅ አይደለም።

ለቀበሌው ጠዳ ሄዷል ብያቸዋለሁ። ደብዳቤዬን ስለሚያነቡት ላንተም ጠዳ አልኩ። አንተ ደግሞ ጠዳ ዘመድ የለንም ብለህ ጻፍክ። ሊቀመንበሩ ያችን መስመር ጮክ ብለው ነው ያነበቡልኝ። ጠዳ ሰው ላኩ፤ እኔን ቀበሌ አሳደሩኝ። የአባቱ ዘመድ እንጂ የእኔ አይደለም፣ እሱም ረስቶት ይሆናል እያልኩ ያንኑ ደጋገምኩ። የክፍላችን ኃላፊ የሚታጠብ ልብስ ተቆልሏል ብለው መጥተው አስፈቱኝ። ነገሩ ግን አልተዘጋም።

አልተቀየምኩህም። ተቀይሜህ ነበር፤ አሁን ግን ጊዜ የለኝም።

ስሙን በፖስታ ላክ። ቢያነቡትም ለጸበል ነው። ስም ብቻውን ማንንም አያስይዝም።

እታገኘሁ


ጥቅምት 4 ቀን 1978 ዓ.ም.
ኦኩዛዋ

ለእህቴ ለእታገኘሁ፤

የጌታ ሰላም ከቤትሽ አይጉደል። እዚህ ቅጠሉ ሁሉ ቀልቷል፤ ትምህርታችን አልቋል፤ ወር ሳይሞላ ወደ አገሬ እነሣለሁ። እንደ ድሮዬ አሸዋው ላይ ወዳለችው ጣቢያ ይመልሱኛል።

ሽቦውን ናዳ በጥሶት ነበር። ሰውየው በእግሩ መጥቷል፤ ክንዱ ላይ ያለውን ጨርቅ አይቻለሁ። መጀመሪያ ጨርቁን እንኳ አላመንኩትም። ክሩን ካንቺ የእጅ ፈትል ጋር አስተያየሁት፣ አንዲቷ ተለወጠችብኝና ሌላ ሰው ያሰረው ነው አልኩ። ቆየሁ። ከዚያ ግን፣ ማንም ያሰረው ቢሆን የሚጠይቀኝ ስም ብቻ መሆኑን አሰብኩ። ስሙን ከክፉ የሚሰውርለት መልአክ አለው፤ የእኔ መሰወር ምን ጠቀመው?

ለጸበሉ የጠየቅሽኝ ስም ወልደ ሩፋኤል ነው።

እናቱ ወለተ ሩፋኤል ነበረች። ወንድ ልጅ ብወልድ ከእኔ ጋር አንድ መልአክ ይጠብቀው ብላ እሷ ነች ያወጣችው። ቄሱ በሬ ላይ ቆመው ሲጠይቁኝ ይህንኑ መልአክ ነው የጠራሁት። ሁለተኛ ልጠራው አፌ እምቢ ብሎኝ ነው የከረምኩት። ይኸው ጠራሁት። በሽተኛውን ውኃው ዳር አታቁሚው፤ ይግባ።

ላቀው


ጥር 26 ቀን 1978 ዓ.ም.
ጎንደር፤ በአሊ እጅ

አያ ላቀው፣

እንኳን ለአገርህ አበቃህ። የሸምሲያ ወንድም አሊ ድሬዳዋ ዕቃ ሊያመጣ ስለሚሄድ ጣቢያህ ድረስ ይዞልህ ይመጣል። ውኃ አጠጣው፤ ሲናደድ ብዙ ያወራል እንጂ ሸጋ ሰው ነው።

ደብዳቤህ እንደ ልማዱ ተከፍቶ መጣ። ሊቀመንበሩ ‹‹ልጁ አሁን በዚህ ስም ነው የሚጠራው?›› አሉኝ። የጸበል ስም ነው አልኩ። የት ይኖራል አሉ። እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው አልኩ። አልወደዱትም። ጸሐፊውን የነዋሪውን ስም ሁሉ እንዲያይ አዘዙት፤ ሦስት ሠፈር ቤት ለቤት አስጠየቁ። እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ እንደሌለ አረጋግጠው ተዉኝ። አስማረን ግን አሁንም ይጠይቁኛል፤ ሳያዩኝ የሚያልፉበት ሳምንት የለም። ከደጄ ማዶ ሥራ የሌለው ሰው ቆሞ ሳይ በር እዘጋለሁ። ሸምሲያን ራሷን አንዳንዴ አያታለሁ፤ ምን አውቃለሁ፣ ለማን ነግራ ይሆን እያልኩ። ያንተ በሽታ ወደኔ ተሻግሯል።

ስሙን አላምረው አደረሰው። ገበሬው ቤት ሲደርስ ልጁ አልነበረም፤ ሚሊሺያ በማለፉ ጫካ ገብቶ ሰንብቷል። እስኪወጣ ጠበቀው። ከዚያ አብረው ወደ ገዳሙ አጥር በር ሄዱ። አበምኔቱ ስሙን ሰምተው አንድ ቃል ሳይጨምሩ በሩን ከፈቱ፤ አላምረው የመዝጊያውን መወርወሪያ ድምፅ ሰምቶ ነው የተመለሰ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጨው ሊያደርስ ገብቶ አየው። ራሱን ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ደህና ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ አለኝ። መነኮሳቱ ወልደ ሩፋኤል ብለው ሲጠሩት ዞር አይልም። ውኃ ተሸክሞ ያልፋቸዋል። የተቆጣ ይመስላቸው ነበር፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሎት ነው። አሁን ገብቷቸው፣ ደጋግመው ይጠሩትና ራሱ እስኪሰማ ቆመው ይጠብቁታል።

አንተም ስትጽፍለት በዚያ ስም ጻፍለት። ከአባቱ አፍ ይልመደው።

እታገኘሁ